ያውቁ ኖሯል? ጥቁር ፀጉር ብሎንድ ከመሆኑ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል

ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጥቁርና ቡናማ፣ ሌላው ቀይና ቢጫ መልክ ይሰጣል። ብሊች ቀድሞ የሚሰባብረው ጥቁሩን ነው። ቀዩ ግትር ስለሆነ ጥቁር ፀጉር ሲነጣ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ቢጫ ይሆናል።

ባለሙያዎች የፀጉርን ንጣት ከ1 (ጥቁር) እስከ 10 (በጣም የነጣ ብሎንድ) ይለኩታል። አመድማ ብሎንድ የሚፈልግ ሰው ፀጉሩ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን እስኪመስል መንጣት አለበት። የቀረውን ቢጫ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቶነር ያጠፋዋል፤ በቀለም ክብ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸውና። አመድማ ቡኒ ግን መንገዱ አጭር ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው ብርቱካናማው ሲሆን መድኃኒቱ ሰማያዊ ነው። ብዙዎች ለቡኒ ፀጉር ወይን ጠጁን ሻምፑ ገዝተው ለውጥ የሚያጡት ለዚህ ነው።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በብሎንድ ላይ ጥቁሩ ሥር በአንድ ወር ውስጥ ይታያል፤ በቡኒ ላይ ግን ብዙም አያስታውቅም። ጥቅልል ፀጉር ደግሞ በተፈጥሮው ደረቅና ቶሎ የሚሰበር በመሆኑ ደጋግሞ መንጣትን አይችልም። ለእንዲህ ያለ ፀጉር ምርጫዬ ያለማመንታት ቡኒ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ፀጉርዎን ከመቀባትዎ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ቀብተው አለርጂ እንደሌለብዎት ያረጋግጡ። ጥቁርና ቡኒ ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ፒፒዲ የተባለው ንጥረ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ እብጠት ያስከትላል።