ተቃውሞው በእምነቱ ላይ ነው ወይስ በሥልጣኑ? ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና የአርሶ አደሩ የሥራ ቀን

ኅዳር ነው። ጤፉ ደርሷል፤ ከፊሉ ታጭዶ ማሳው ላይ ተኝቷል። ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ዕለቱ ደግሞ ወር በገባ በ19ኛው ቀን የሚውለው የቅዱስ ገብርኤል ወርኃዊ በዓል ነው። እንዲህ ባለው ቀን በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማጭዱ ይነሣ ወይስ ተሰቅሎ ይዋል? አንዱ በዓል የሻረ በረዶ ይጠራል ይላል። ሌላው የዓመት ልፋት በዝናብ ሲበሰብስ ቆሞ ማየት ጽድቅ አይሆንም ሲል ይመልሳል።

ጥያቄው የአንድ ቀን ሥራ ቢመስልም ሥሩ ጥልቅ ነው። ክርስትና በሕዝብ የጋራ ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይኑረው? ተፅዕኖውን የሚቃወም ሰውስ የሚቃወመው ምኑን ነው? በኢትዮጵያ ይህ ክርክር ከመሬት፣ ከሕግና ከሥራ ቀን ጋር ተሳስሮ የኖረ በመሆኑ አርሶ አደሩንም የከተማውን ነዋሪም ይመለከታል።

ሦስት ነገሮች በአንድ ስም

ክርክሩ ብዙ ጊዜ መልኩን የሚስተው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። የመጀመሪያው እምነቱ ራሱ፣ ማለትም ሰው በልቡ የሚያምነውና በጸሎቱ የሚገልጸው ነው። ሁለተኛው የሃይማኖት ተቋሙ በመሬት፣ በግብርና በመንግሥት ላይ የነበረው ሥልጣን ነው። ሦስተኛው በእምነቱ ስም በየአካባቢው የዳበረው ልማድ ነው። ከሦስቱ አንዱን የሚተች ሰው ሁሉንም እንደተቃወመ ሲቆጠር ውይይቱ ወደ ጠብ ያመራል። ያለፉት ስድሳ እና ሰባ ዓመታት ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ሥልጣኑ በሕግ ሲጸና

ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት ተቀባይነት ያገኘው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ዘውድና ቤተ ክህነት ተደጋግፈው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ይህ ትስስር በዘመናዊ ሕግ ጎልቶ የተጻፈው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚህ እምነት ተከታይ እንዲሆኑ አዘዘ። በሌላ በኩል ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የሀገሪቱ ነዋሪዎች የእምነታቸውን ሥርዓት በሕግ መሠረት እንዳይፈጽሙ መከልከል እንደሌለባቸው ይገልጽ ነበር።

ስለዚህ በዘመኑ የነበረ ሙስሊም ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ጸሎቱን ማድረስ ይችል ነበር። ነገር ግን የሚገብርለት መንግሥት የእርሱ ያልሆነውን እምነት የራሱ አድርጎ የያዘ ነበር። ተቃውሞውን የወለደው በዋናነት ይህ ልዩነት ነው።

ክርክሩ ከመሬት ሲነሣ

ለገጠሩ ሰው ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የመሬት ጉዳይ ነበር። በሰሜኑ ክፍል አርሶ አደሩ ርስቱን እንደያዘ፣ ጉልቱ ለደብር ወይም ለገዳም ከተሰጠ ግብሩን ለዚያ ደብር ያስገባ ነበር። ሰሞን መሬት የሚባለው ደግሞ በየተራቸው የሚያገለግሉ ካህናት የሚተዳደሩበት ነበር። የሀገሪቱ መሬት ሲሶ የቤተ ክህነት ነው የሚለው የቆየ አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች አነጋገሩን እንደ ትክክለኛ ልኬት አይቀበሉትም፤ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ የመሬት ጥቅም እንደነበራት ግን አያከራክርም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ጥያቄያቸው የቤተ ክርስቲያንን ይዞታም የሚነካ ነበር። ተቺዎቹ በላቡ የሚያርሰው ሰው ለማያርስ ተቋም መገበር የለበትም ይሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ወገኖች በበኩላቸው ያ ገቢ የአብነት ትምህርት ቤቱን፣ ካህኑን፣ ደብተራውንና የቆሎ ተማሪውን የሚያኖር፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ባልከፈተበት ዘመን ፊደል ያስቆጠረ መሆኑን ያስረዱ ነበር። ሁለቱም የያዙት እውነት ነበራቸው። ሰፊ ይዞታ ነበራት በምትባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው የገጠር ካህን ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ጎረቤቱ ሞፈር የሚጨብጥ፣ በኑሮውም ከጎረቤቱ የማይሻል ሰው ነበር።

የእኩልነት ጥያቄና የኃይል ምላሽ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻቸውም በመንግሥት ደረጃ እንዲከበሩ ጠየቁ። በሰልፉ እኩልነቱን የደገፉ ክርስቲያኖችም ተሳትፈዋል። ሰልፉ የተቃወመው የጎረቤትን ጸሎት ሳይሆን የመንግሥትን አድልዎ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬትም ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ እንዳይበልጥ ወሰነ። በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ቤተ ክርስቲያን የኪራይ ገቢዋንም አጣች። የሙስሊሞች በዓላት የመንግሥት በዓላት ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ የተነካው ሥልጣንና ሀብት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ በዚያ አላቆመም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። መሬትም ሆነ የመንግሥት ሥልጣን ያልነበራቸው ምእመናን ጭምር መሳደዳቸው፣ ዘመቻው ከአድልዎ ተሻግሮ እምነቱን ራሱን ወደ መቃወም መድረሱን ያሳያል።

ውጤቱ ሥርዓቱ ያሰበውን አልሆነም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ በተደራጀው የሰበካ ጉባኤ አማካይነት ፊቷን ከመሬት ግብር ወደ ምእመናን አስተዋጽኦ አዞረች። የወንጌል አማኞች በየቤቱ ተሰባሰቡ። ሥልጣን በአዋጅ ሊወሰድ ይችላል፤ እምነት ግን በአዋጅ አይሻርም።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ሦስት ነገሮችን ይደነግጋል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝና የመግለጽ ነጻነት እንዳለው፣ በዚህም ሊገደድ እንደማይችል ያረጋግጣል። እምነትን መግለጽ የሚገደበው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን ሞራል፣ የሌሎችን መብትና መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማስጠበቅ በሚወጣ ሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነጻ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል።

ይህ ድንጋጌ ብዙኃኑ አንድ እምነት በሚከተሉበት አካባቢም ያው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በአማራ ክልል ከነዋሪው 82 ነጥብ 5 በመቶው የኦርቶዶክስ፣ 17 ነጥብ 2 በመቶው የእስልምና እምነት ተከታይ ነበር። የቁጥር ብልጫ ግን ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሃይማኖት አይሰጠውም። የማዳበሪያ ወረፋ፣ የመሬት ይዞታ ደብተርና የመቃብር ቦታ ጥያቄ በባለጉዳዩ እምነት ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ አይገባም።

የሥራ ቀኑ ሂሳብ

በመግቢያው ወደተነሣው ማጭድ እንመለስ። በየወሩ ከሚታሰቡት ዕለታት መካከል አቦ በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 ይውላሉ። እነዚህን ዘጠኝ ቀናትና አራት እሑዶችን የሚያከብር መንደር፣ ዕለታቱ ካልተደራረቡ፣ ከ30 ቀን 13ቱን ከእርሻ ያርፋል። ቅዳሜ ሲታከል የሥራ ቀኑ ከዚያም ያንሳል። የሚከበረው ዕለት ብዛት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ተቺዎች የሚያነሡት ጉዳት በግብርና ዓይን ሲታይ እውነት አለው። የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ይረግፋል። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ሲያገኘው ይበቅላል፤ ቀለሙም ይበላሻል። አረምም ቢሆን በዓል አያከብርም። በተመሳሳይ ዕለት በከተማው የመንግሥት መሥሪያ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆነው ይውላሉ፤ የሚያርፈው አራሹ ብቻ ነው።

ለበዓላቱ የሚሟገቱ ወገኖችም ዝም የሚያሰኝ መልስ አላቸው። በዓል ሰውም በሬም የሚያርፍበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ማኅበርና ሰንበቴ የሚጠጣበት ቀን ነው። በሬ እየሰበሩ፣ ጉልበት እየጨረሱ መዋል ሁልጊዜ ምርት አይጨምርም ይላሉ።

ክርክሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም አዲስ አይደለም። ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው ጥያቄ መነኮሳትን ለረጅም ጊዜ ከከፈለ በኋላ እልባት ያገኘው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። እሑድና የጌታ በዓላት ከወርኃዊ መታሰቢያዎች ጋር እኩል እንደማይመደቡም መምህራን ያስተምራሉ። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬን ስለማውጣት የሚናገረውን የወንጌል ክፍል ጠቅሰው፣ ሰብል በአደጋ ላይ ሲሆን እንዲሰበሰብ የሚፈቅዱ አባቶችም አሉ። ስለዚህ ልማዱን መጠየቅ እምነቱን መካድ አይደለም።

ሕጉ በዚህ ላይ የሚለው አጭር ነው። በዓል ሽረሃል ብሎ ጎረቤትን በገንዘብ መቅጣትም ሆነ በማኅበር ማግለል ማስገደድ ነው። የተፋሰስ ሥራ ቀን ሲወሰን በዓሉን የሚያከብረውን ሰው ማሸማቀቅም እንዲሁ ማስገደድ ነው። በመካከል ያለው መንገድ ካህኑ፣ የግብርና ባለሙያውና የመንደሩ ሽማግሌዎች አዝመራ ከመድረሱ በፊት ተቀምጠው መነጋገራቸው ነው።

ያልተቆረጠው ዛፍ

ተፅዕኖው ሲመዘን ሌላው ጎኑም መታየት አለበት። በደቡብ ጎንደርና በሌሎች የሰሜን ደጋማ አካባቢዎች ሀገር በቀል ዛፍ ተርፎ የሚገኘው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በእርሻ መሐል እንደ ደሴት ቆመው ይታያሉ። እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ተመራማሪዎች ያጠኗቸው እነዚህ ደኖች ዘር ያቆያሉ፤ ምንጭ ይጠብቃሉ፤ ሰብል ለሚያዳቅሉ ንቦች መጠለያ ይሆናሉ። ዛፉን ከመጥረቢያ ያተረፈው የደን አዋጅ ሳይሆን ቅጽሩን መድፈር ኃጢአት ነው የሚለው እምነት ነው። ከደኑ የሚመነጨው ውኃ ደግሞ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ማሳ ያጠጣል።

ክርክሩ ወደፊትም ይቀጥላል፤ መቀጠሉም ክፋት የለውም። ተከራካሪው ግን አስቀድሞ የሚቃወመውን ነገር ለይቶ መናገር አለበት። አድልዎ ከሆነ ሕጉ አለ። ልማድ ከሆነ ሽማግሌና ካህን አሉ። የጎረቤት እምነት ከሆነ ደግሞ ያ የጎረቤቱ ጉዳይ ነው። ኅዳር ላይ ደመና ሲያንዣብብ ይህን ለይቶ የተነጋገረ መንደር ሰብሉንም ጉርብትናውንም ያተርፋል።