የጠገራ ብር ምርመራ፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስለ መለየት

አንድ ገንዘብ ከመገበያያነት ሲወጣ ዋጋው አብሮ የሚያልቅ ይመስላል። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከቆመ በኋላ ጠገራ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረና ሸቀጥ ሆነ። ዛሬ ዋጋውን የሚወስኑት ማዕድኑ፣ ምንጩና መልኩ ናቸው። በደሴና በኮምቦልቻ፣ እንዲሁም ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በባቲ ገበያ፣ ከአያት የወረደ ጠገራ ከገጠር ይመጣል፤ ከአንጥረኛ ወደ ባለሱቅ፣ ከባለሱቅም ወደ ሰብሳቢ ይተላለፋል።

በዚህ ንግድ ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ሁለት ወገን ነው። ሐሰተኛውን እንደ እውነተኛ የገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ያጣል፤ እውነተኛውን «ሐሰተኛ ነው» ብሎ የመለሰ ወይም በርካሽ የወሰደ ደግሞ ባለንብረቱን ይጎዳል፤ የገበያውንም ስም ያጎድፋል። ሁለቱንም ለማስቀረት በእያንዳንዱ ጠገራ ላይ ሦስት ጥያቄዎች በተራ ሊጠየቁ ይገባል። ማዕድኑ እውነተኛ ነውን? የታተመው የትና መቼ ነው? መልኩስ ምን ያህል ተጠብቋል? ብዙው ስሕተት የሚመጣው ሦስቱን እንደ አንድ ጥያቄ በመቁጠር ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ምስክር ስላለመሆኑ

በጠገራ ላይ የሚነበበው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 ነው። ይህ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ሲሆን፣ ብሩ በምሥራቁ ንግድ እጅግ ተፈላጊ በመሆኑ ከሞቷም በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ መታተሙን ቀጠለ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ አትመውታል። ኢጣሊያም ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣችበት በ1935 የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ አግኝታ በሮም ማሳተም ጀመረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ተከተለች፤ በ1940 እና በ1941 ደግሞ ቦምቤይ አተመች። ይህ ሁሉ ሲደመር በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

ስለዚህ «1780 ተጽፎበታልና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያረጀ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን በኋላ ዘመን በመንግሥት ማተሚያ ቤት የታተመውም ቢሆን ሐሰተኛ አይደለም። ክብደቱም የብሩ መጠንም እንደ ቀድሞው ነው፤ የጎደለው ዕድሜው ብቻ ነው። ለሐሰተኛ የሚቆጠረው ያለ መንግሥት ፈቃድ በሌላ እጅ የተሠራው ነው፤ ከዚህም የሚበዛው የብሩ መጠን የጎደለበት ወይም ከርካሽ ማዕድን ተሠርቶ ብር የተቀባ ነው።

የቀድሞ ነጋዴዎች ልማድ

የቀድሞ ነጋዴዎች በጠገራ ላይ ያለውን የላቲን ፊደል ባያነቡም ምርመራ አላጡም። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ የዕንቁ ነጥቦች ይቆጥሩ ነበር፤ የራስ ጌጧንና ከምስሏ በታች ያሉትን የኤስ እና የኤፍ ፊደሎች ይመለከቱ ነበር። እነዚህ ሁለት ፊደሎች በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት የሹማምንቱ የሾብል እና የፋቢ ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ነጥቡ ያልታየበት ወይም ፊደሉ የጠፋበት ብር አይቀበሉም ነበር። የጠገራው ክብደትም የታመነ ስለ ነበር ወቄት የሚባለው መመዘኛ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ይቆጠር ነበር፤ ወርቅም በጠገራ ይመዘን ነበር።

ይህ ልማድ ዛሬም ዋጋ አለው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስዶ የሚያቀልጥ አጭበርባሪ ዘጠኙን ነጥብ አብሮ ይወስዳልና።

ስለ ማዕድኑ ምርመራ

ሙሉ ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወርዱም 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። በዚህ ስሌት በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ይገኛል። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ያበዛ ነጋዴ የማዕድኑን ዋጋ ያውቃል፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ከመደሰት በፊት መጠርጠር ይገባል።

ድምፅ የመጀመሪያው ፈተና ነው። በጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በቀስታ ሲነካ እውነተኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ እርሳስ የበዛበት ግን ይደነቁራል። ሆኖም ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተሰነጠቀ እውነተኛ ጠገራም ድምፁ ይታፈናል፤ በድምፅ ብቻ መፍረድ አይገባም። ማግኔትም እንዲሁ ነው፤ የተሳበው በእርግጥ ሐሰተኛ ነው፤ ያልተሳበው ግን መዳብ፣ ነሐስ ወይም እርሳስ ሊሆን ይችላል።

ጠርዙ ከሁሉ ይልቅ ይመረመር። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» የሚል የላቲን ቃል ከፍ ብሎ ወጥቷል፤ ትርጕሙም «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። በሻጋታ የተቀዳው ግን ሁለቱ ገጽታ የተጋጠመበት መስመር ወይም የሞረድ ምልክት ይታይበታል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ በገጹም ላይ በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶች ይገኛሉ።

ከሁሉ የታመነው የውሃ ሚዛን ነው። በትንሽ የአንጥረኛ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ጠገራው በቀጭን ክር ታስሮ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ሚዛኑ የሚያሳየው ቍጥር ጠገራው ያፈናቀለው ውሃ ክብደት ነው። እውነተኛው 2.75 ግራም ያህል ያሳያል። ክብደቱ እኩል የሆነ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል 3.15 ያህል ያሳያል፤ ንጹሕ እርሳስ ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። አጭበርባሪ ክብደቱን ቢያስተካክል ውፍረቱ ይጋለጣል፤ ውፍረቱን ቢያስተካክል ክብደቱ ይጎድልበታል። ይህ ፈተና ብሩን አይጎዳም፤ በሞረድ መፋቅ ወይም በአሲድ መንካት ግን የመልኩን ዋጋ ያበላሻል።

ስለ መልክ ደረጃ

ማዕድኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሰብሳቢው ጥያቄ ይመጣል። በአሜሪካ ዶክተር ዊልያም ሼልደን በ1949 ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አወጣ። 1 ማለት ምስሉ ሊጠፋ የደረሰ፣ ከ60 በላይ ያለው በገበያ ያልተዘዋወረ፣ 70 ማለት ነቀፋ የሌለበት ነው። ከ1986 ወዲህ ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ ከ1987 ወዲህም ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው ደረጃውን በመጻፍ በፕላስቲክ ያሽጉታል። አጭበርባሪዎች ይህን ማሸጊያ ራሱን ሳይቀር ስለሚያስመስሉ፣ የታሸገ መሆኑ ብቻ ምርመራን አያስቀርም።

የመልክ ደረጃ የሚታየው ከፍ ብለው በወጡት ቦታዎች ነው። በንግሥቲቱ ገጽ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጕርና የትከሻዋ ጌጥ፣ በሁለተኛው ገጽ የባለሁለት ራሱ ንስር ደረትና ላባ አስቀድመው ያልቃሉ። በእነዚህ ላይ ጥቃቅኑ መስመር ተለይቶ ከታየ መልኩ ከፍተኛ ነው፤ ድፍን ብለው ከታዩ ዝቅ ይላል። ያረጀ ሁሉ ሐሰተኛ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ በመቶ ዓመት ዝውውር ያለቀ ጠገራ ከሙሉ ክብደቱ ጥቂት ሊጎድል ይችላል።

እዚህ ላይ በብዙ ሱቅ የሚፈጸም ጥፋት አለ። ሻጩ ብሩ እንዲያበራ ብሎ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ይፈትገዋል። ለጌጥ የሚፈልገው ሰው ይደሰት ይሆናል፤ ሰብሳቢው ግን በመነጽር የፍትጊያውን ጭረት አይቶ ዋጋውን ይቀንሳል። በጊዜ ብዛት የመጣው ጠቈር ያለ መልክ ጉድለት አይደለም፤ እንዳለ ይተው። የተበሳውም ሆነ ማንጠልጠያ የተበየደበት በሳንቲምነቱ ዝቅ ይላል፤ የወሎ አንጥረኛ ሥራ ያለበት የአንገት ጌጥ ከሆነ ግን በጌጥነቱ የራሱ ዋጋ ስላለው ማንጠልጠያውን ነቅሎ መሸጥ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

ሰብሳቢዎች ስለሚወዳደሩበት ጥበብ

በአሜሪካ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች በዚህ ዕውቀት ውድድር ያደርጋሉ። ደረጃቸው የተሸፈነ ሳንቲሞች ቍጥር ተሰጥቷቸው ይቀርባሉ፤ ተወዳዳሪው በመብራትና በማጉያ መነጽር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ደረጃቸውን ይጽፋል፤ በመካከላቸው የተደባለቀውንም ሐሰተኛ ያወጣል። ከባለሙያዎቹ ፍርድ እጅግ የቀረበው ያሸንፋል። የዚህ ጥቅሙ ከሽልማቱ ይልቅ ልማዱ ነው፤ መርማሪው የሻጩን ቃል ሳይሰማ፣ የሌላውንም አስተያየት ሳያይ በራሱ ዐይን መፍረድን ይማራል።

ይህ ልማድ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቅ የሚከብድ አይደለም። እውነተኛነቱ የተረጋገጠ አንድ ጠገራ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። አዲስ ብር ሲመጣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ መርምረው ፍርዳቸውን በወረቀት ይጻፉ፤ ሳይስማሙ ከቀሩ ሚዛኑና ውሃው ይፍረዱ።

ስለ ምኒልክ ብርና ስለ ውጭ ሽያጭ

1887 ዓ.ም. የተጻፈበት፣ በፓሪስ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ በድምፅም በውሃም ከጠገራ እምብዛም አይለይም። ነገር ግን ለአገሩ ነጋዴ አንድ ብልጫ አለው፤ ጽሕፈቱ የራሱ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ቀራጭ የሠራው አስመሳይ ብር የፊደሉ እግር ወይም አንገት ሲጣመምበት፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያገኘዋል።

ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ ደግሞ ስለ ቅርስ የወጣውን አዋጅ ቍጥር 209/1992 አስቀድሞ ያስብ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣምና፣ ገዥ ከመፈለግና ዋጋ ከመቀበል በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግዴታውም ጥቅሙም ነው።

በደረሰኝ ላይም «ጥንታዊ ብር» ብሎ ብቻ መጻፍ ይቅር። ክብደቱ፣ የውሃ ሚዛኑ ውጤት፣ ቀዳዳ ወይም ብየዳ ያለው መሆኑ ይመዝገብ፤ የታተመበት ቦታ ካልተረጋገጠ «1780 የተጻፈበት» ይባል እንጂ «በ1780 የታተመ» አይባል። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የተላከ ዕቃ ተመልሶ የሚመጣውና የነጋዴ ስም የሚጠፋው ግን በዚያች ልዩነት ነው።