ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ስልክ

የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ የሚሠራ ፕሮግራመር ከመገናኛ በላምበረት በኩል እስከ ኮተቤ ያለውን ጉዞ ለመሞከር መኪና ውስጥ መግባት የለበትም። የመንገዱን መስመር በፋይል አዘጋጅቶ ለኢሙሌተሩ ይሰጠዋል፤ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ራሷ ትጓዝለታለች። ከቸኮለ ፍጥነቷን አምስት እጥፍ ያደርገዋል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መገናኛን እንዲያ ያቋረጠ መኪና አይቼ አላውቅም።

ኢሙሌተር የአንድን መሣሪያ አሠራር ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ሐሳቡ ከሞባይል በፊት የነበረ ነው፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ አዲሱ ሲስተም 360 የአሮጌ ማሽኖቹን ፕሮግራሞች እንዲያስኬድ ያደረገው በዚሁ ዘዴ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 የአንድሮይድን የመሥሪያ ጥቅል ለፕሮግራመሮች ሲለቅ፣ ገበያ ላይ አንድም የአንድሮይድ ስልክ አልነበረም። የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበው በ2008 መጨረሻ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ መተግበሪያ የሠራ ሁሉ የሚያየው ኢሙሌተሩን ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ቀለል ያለውን ዘመዱን ነው። ክሮም ላይ ድረ ገጽ ከፍቶ ኤፍ12ን ሲጫን፣ ገጹን በስልክ ስፋት አጥብቦ የሚያሳይ መሣሪያ ይመጣል። ኔትወርኩን ወደ 3ጂ ማዘግየት፣ ፕሮሰሰሩንም ማድከም ይቻላል። ለፈጣን ቅድመ እይታ የሚስተካከለው የለም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ፊደሉን የሚስለው በላፕቶፑ ፎንት ነው። ዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይጠቀማል፣ አንድሮይድ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። የአንዱ ፊደል ከሌላው ይሰፋል፣ የመስመሩም ቁመት ይለያል። ላፕቶፑ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ ርዕስ ስልኩ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ «ስለማያስፈልጋቸው» ዓይነት ረጅም ቃል ደግሞ ጠባብ ቁልፍ ውስጥ ሲገባ ጅራቱ ይቆረጣል። ስለዚህ የአማርኛ ገጽ የመጨረሻ ፍርድ ከክሮም መስኮት መምጣት የለበትም። ከአንድሮይድ ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው ኢሙሌተር እውነተኛውን አንድሮይድ ከነፎንቱ ስለሚያስነሳ ለዚህ እሱ ይሻላል። እግረ መንገድዎን የፊደሉን መጠን አሳድገው ይዩት፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶቻችን ስልካቸውን የሚያነቡት እንደዚያ ነው።

ቦታውን መንገር ግን አይርሱ። አዲስ የተነሳ ኢሙሌተር ራሱን ካሊፎርኒያ፣ የጉግል ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ያገኘዋል፤ ታክሲ ቢጠሩበትም የሚፈልገው እዚያ ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ ለማውጣት በ9.08 ሰሜን፣ 38.76 ምሥራቅ አካባቢ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለውን ከፍታም መጨመር ይቻላል። በትእዛዝ መስመር ሲጻፍ ቀድሞ የሚገባው የምሥራቁ ቁጥር ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ የእንጦጦው ጎብኚ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገኛል።

የእኛን አቆጣጠር የሚያሳይ መተግበሪያም እዚህ ይፈተናል። የኢሙሌተሩን ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ላይ ያድርጉት፤ ትክክለኛው መልስ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። መስከረም 1 ብሎ እንኳን አደረሳችሁ ካለ፣ ፕሮግራመሩ ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ረስቷል ማለት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዳያንቃጭልም በዚያው ማየት ነው።

ክፍያም በተወሰነ ደረጃ ይሞከራል። ካሜራው የሚያሳየው ምናባዊ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የኪውአር ምስል ለጥፎ መተግበሪያው እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ቴሌብር ግን በመተግበሪያ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ተራ ስልክ የያዘ ሰው *127# ይደውላል። ይህን ሜኑ የሚልከው የኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ስለሆነ፣ ሲም ካርድ የሌለው ኢሙሌተር አያገኘውም። የባትሪን ማለቅ ማስመሰል ይችላል፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲግል፣ የቀትር ፀሐይ ስክሪን ሲያደበዝዝ፣ ቅባት የነካው ጣት ሲስት ምን እንደሚሆን ግን ማወቂያ የለውም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ጉግል ስቱዲዮውን ከኢሙሌተሩ ጋር ለሚያስኬድ ኮምፒውተር ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ የሚወርደው የአንድሮይድ ምስልም የዳታ ፓኬጅ ይበላል። በ4 ጊጋባይት ላፕቶፕ የሚማር ተማሪ ኢሙሌተሩ እስኪነሳ ቡና አፍልቶ ሊጠጣ ይችላል። ለእሱ የምመክረው ያለውን ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ መሞከር ነው፤ scrcpy (ስክሪን ኮፒ) የተባለው ነፃ ፕሮግራም የስልኩን ስክሪን ላፕቶፑ ላይ ያመጣለታል።

ጥሩ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ኢሙሌተሩን ስታዘጋጁ የምትመርጡት ስልክ ውድና ሰፊ አይሁን። ስክሪኑን አጥብቡት፣ ራሙን ወደ 2 ጊጋባይት አውርዱት፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉት፣ ኔትወርኩን አዘግዩት። ያን ካለፈ በኋላ ሾላ ገበያ ውስጥ አሮጌ ቴክኖ ለያዘ አንድ ነጋዴ ስጡትና ምንም ሳታስረዱ ሲጠቀምበት ተመልከቱ።