የደከመ ሰውነትን ስለ ማሸት

በጎንደር ደጋ፣ ከዳባትም ይምጣ ከደባርቅ፣ ሲጓዝ የዋለ እንግዳ ወሬው ሳይጠየቅ አስቀድሞ እግሩን ይታጠባል። አራስ ትታሻለች፤ ሕፃንም ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። እንግዲህ ማሸት ለቤታችን ባዕድ ጥበብ አይደለም። ነገር ግን ኤች አይ ቪ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ይህ እጅ ተሰበሰበ። ባንድ ገበታ ይበሉ የነበሩ ወንድማማቾች ሳህን ለዩ፤ ለብዙ ሕመምተኞችም ከሕመሙ ይልቅ የሚዳስሳቸው ሰው ማጣታቸው ከበደ።

ቫይረሱ ግን ሰውን በመዳሰስ ከቶ አይተላለፍም። ይልቁንም የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው፣ ጉንፋን የያዘውን አሺ ሊፈራው ይገባዋል እንጂ አሺው እርሱን ሊፈራው አይገባም። ብዙዎቻችን ነገሩን በተገላቢጦሽ ይዘነው ኖረናል።

ይህ ሕመም ነርቭን ይጎዳልና እግርን ያቃጥላል፣ ይወጋል። ቀድሞ በብዛት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የተባለው መድኃኒትም እንዲሁ ያደርግ ስለ ነበረ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። በዚያው ዓመት ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ማኅበር፣ 178 ሰዎች የተሳተፉባቸውን አራት ጥናቶች መርምሮ፣ መታሸት ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ኑሮን የተሻለ እንደሚያደርግ አመለከተ። የሰውነትን መከላከያ ያጠነክራል ለማለት ግን ማስረጃው ጥቂት ነው።

ስለዚህ «ታሸሁና ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒትን መተው ራስን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲታደል፣ ጸበል ገብተናል ብለው ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም አስተማሩ። ለመታሸትም ነገሩ ያው ነው።

አሺው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍሩን ይቁረጥ፤ ዘይት ወይም ቅቤ ለብ አድርጎ «እዚህ ላይ ያምዎታልን?» እያለ ከእግር ጣት ወደ ጉልበት በዝግታ ይሽ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሙቀት አይለይምና፣ የመታጠቢያውን ውኃ አሺው በክንዱ ይለካው። የወጌሻ ብርቱ እጅ ለዚህ አይሆንም። ትኩሳት ባለበት ቀን ማሸት ይቅር፤ ቁስልን፣ አልማዝ ባለጭራን፣ ያበጠ ዕጢን እጅ አይንካው። አንድ እግር ብቻውን አብጦ ቢግል ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል፤ ቢታሽ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ነው።

ለማራኪ ሰው ሐኪሙ ሩቅ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉት። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለመውሰድ በሚሄድበት ቀን ከቤተ ሰቡ አንዱ አብሮት ሄዶ፣ የትኛውን ስፍራ እንደሚያሽ፣ የትኛውን እንደሚተው ይጠይቅ።