ከመቃብር የወጣው አገልጋይ

እዚህ ትክል ድንጋይ ማታ እሳት ዳር ከሚወሩት ተረቶች አንዱን ደጋግመን ሰምተነዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቡዳ የበላው ሰው ይሞታል፤ ይቀበራል። ሌሊት ቡዳው ጅብ ሆኖ ይመጣል፤ መቃብሩን ቆፍሮ ሙቱን ያስነሣዋል። ከዚያ ወዲያ ሙቱ ባሪያው ነው። ሰባት ዓመት ያገለግለዋል ይባላል።

ባሕር ማዶም አለ

ሃይቲ የምትባል የጥቁር ሕዝብ አገር አለች። ፈረንሳዮች ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎችን እዚያ በሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት ያሠሩ ነበር። ባሮቹ ተነሥተው ተዋጉ፤ በ1796 ዓ.ም. ነጻ ወጡ። በዚያ አገር ተረትም ጠንቋይ ሙት አስነሥቶ ያሠራል። ሙቱን «ዞምቢ» ይሉታል።

አሜሪካኖች ተረቱን ወስደው በ1924 ዓ.ም. ፊልም ሠሩበት። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ ሰው ሌላ ፊልም አወጣ። በዚህኛው ሙታኑ ጌታ የላቸውም። በየሜዳው ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ። ጥቂት ሰዎች በአንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ተዘግተው ይጣላሉ። እስከ ዛሬ ብዙ እንዲህ ያለ ፊልምና መጽሐፍ ወጥቷል፤ ሰው ግን አልጠገበውም።

ለምን ይወደዳል?

አንደኛ፣ ፈቃዱን ተነጥቆ ለሌላ መገዛትን ሰው ከሞት አብልጦ ይፈራል። ባርነት በሃይቲ ነበረ፤ በእኛም አገር ነበረ። ለባሪያ ሞት ዕረፍት ነው። በተረቱ ግን ሞትም አያሳርፍም።

ሁለተኛ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ማን ከማን ጋር ይቆማል? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ከብቱ አለቀ፤ ሰው በረሃብ ረገፈ፤ ሬሳውን ጅብ በላው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ጊዜም ቀባሪ ታጣ። ይህን ያሳለፈ ሕዝብ እንዲህ ያለ ተረት ሲሰማ፣ «እኔስ ምን አደርግ ነበር?» ማለቱ አይቀርም።

ተረት ሰው ሲጎዳ

ፊልሙን ያየ ሰው ጎረቤቱን «ዞምቢ ነህ» አይለውም። የእኛ ተረት ግን ጣቱን በሰው ላይ ይቀስራል። ማረሻችንን የሚሠራልን ቀጥቃጭ፣ ምጣዳችንን የምትሠራልን ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢያችንን የሚሸምን ሸማኔ «ቡዳ» ተባሉ። በጎንደር የቤተ እስራኤል ሰዎች በዚህ ስም ብዙ ዘመን ተገልለው ኖሩ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ስሙ ግን ከሌሎቹ ባለ እጆች ላይ ገና አልወረደም።

ልጅ የሚታመመው በወባ፣ በቆሸሸ ውሃ፣ በሳንባ ምች ነው እንጂ በጎረቤት ዓይን አይደለም። «ቡዳ በላው» እያልን ስንዘገይ ልጁ ሕክምና ሳያገኝ ይሞታል፤ ንጹሕ ሰውም ይጠላል።

እንግዲህ ተረቱን እናውራ፤ ልጆችም ይስሙት፤ ደስ ይላል እኮ። ጣታችንን ግን እንሰብስብ።

ለመወያያ
1. ዞምቢና ቡዳ የሚያስነሣው ሙት በምን ይመሳሰላሉ?
2. በቀበሌያችን ባለ እጅ ከሰው ጋር እኩል በአንድ ማዕድ ይቀርባል?