የየቲሙ ጉንፋን 10 ቀን ሲያልፈው፦ የሕፃናት የሳይነስ ሕመምና የቤት ውስጥ እንክብካቤ



በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በዶዮገናና በአካባቢያቸው ባሉት ደጋማ ከተሞች የክረምቱ ዝናብና ብርድ ሲበረታ የሕፃናት ጉንፋን ይበዛል። እናት ልጇ ስንት ቀን እንደታመመ ሳትቆጥር ታውቀዋለች። በአያቱ ወይም በአክስቱ ቤት ከብዙ ልጆች መካከል የሚያድግ የቲም ግን ሕመሙ መቼ እንደጀመረ የሚያስታውስለት ሰው ሊያጣ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሳይነስ ሕመም የምናነሣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ሕመም ከተራ ጉንፋን የሚለየው ዋነኛው ነገር የቀን ቆጠራ ነውና።

ሳይነስ ማለት በግንባር፣ በጉንጭና በዓይኖች መካከል ባሉት አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ፣ በጠባብ ቀዳዳ ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ አየር ያለበት ክፍተት ነው። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው የክፍተቱ የውስጥ ሽፋን ያብጣል፤ ቀዳዳው ይዘጋል፤ መውጫ ያጣው ንፍጥም ይጠራቀማል። በዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ ሕመሙ ይጠናል። የግንባሩ ሳይነስ በትናንሽ ልጆች ገና ስላልዳበረ እንደ አዋቂ «ግንባሬን አመመኝ» ላይሉ ይችላሉ። ይልቁንም ሌሊትም ቀንም የሚያስል ሳል፣ መጥፎ የአፍ ጠረን፣ የማያቋርጥ ንፍጥና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይታይባቸዋል።

ተራ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በፊት መሻሻል ይጀምራል። የንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆን ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት አይደለም። ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ የሚያስፈልገው ከሦስቱ አንዱ ሲታይ ነው፦ አንደኛ፣ ንፍጡ ወይም ሳሉ ሳይሻለው ከ10 ቀን ሲያልፍ፤ ሁለተኛ፣ ተሽሎት የነበረው ልጅ እንደገና ሲብስበትና ሲያተኩሰው፤ ሦስተኛ፣ ከወፍራም ንፍጥ ጋር 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ለ3 ተከታታይ ቀናት ሲቆይ። ሳሉ 2 ሳምንት የሞላው ልጅ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳም መመርመር ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ በቤት ልናደርግለት የምንችለው ጥቂት አይደለም። ቀዳሚው አፍንጫውን በጨው ውኃ ማጽዳት ነው። በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በ250 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይሟሟል፤ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም በንጹሕ ማንጠብጠቢያ ጥቂት ጠብታ በየአፍንጫው ቀዳዳ ይደረጋል። ከተሞቻችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚገኙ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ልጆቻችን በውዱእ ጊዜ ውኃ ወደ አፍንጫ ማስገባትንና ማውጣትን ስለሚለምዱ ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም። ይሁን እንጂ ለሕክምናው የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ ሳይፈላ መጠቀም አይገባም።

ልጁ ደጋግሞ ውኃ፣ ሾርባና አጥሚት ይጠጣ፤ በቂ እንቅልፍም ያግኝ። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ማር ሳሉን ያለሳልስለታል፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አደገኛ ነው። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ የጤና ባለሙያ በነገረን መጠን ይሰጠዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ሌላው ጠላት ጭስ ነው። በቤት ውስጥ የሚነድ እርጥብ እንጨትና ኩበት የአፍንጫን ሽፋን ያስቆጣል። ምድጃውን ወደ ማድቤት ማውጣት፣ ይህ ካልተቻለም በርና መስኮት ከፍቶ ማብሰልና ልጁን ከምድጃው ርቆ ማስተኛት ትልቅ እፎይታ ነው።

በጎ በማሰብ የሚደረጉ፣ ነገር ግን ጉዳት የሚያመጡ ልማዶችም አሉ። ቅቤ ወይም ዘይት በአፍንጫ ማንቆርቆር ወደ ሳንባ ገብቶ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል። በባሕር ዛፍ ቅጠል የፈላ ድስት ላይ ልጅን ማጠን ለቃጠሎ ይዳርጋል። ከሌላ ልጅ የተረፈ አሞክሲሲሊን መስጠትም አይገባም፤ በቫይረስ ለመጣ ጉንፋን አይረዳም፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል። መድኃኒቱ በባለሙያ ከታዘዘ ግን ልጁ ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው፦ የዓይን ዙሪያ እብጠት ወይም መቅላት፣ የዓይን ወደ ውጭ መውጣት፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ የአንገት መገተር፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መቸገር፣ መጠጣት አለመቻል፤ እንዲሁም ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት። በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በዱራሜም ሆስፒታል አለ። ለሌላው ጊዜ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ጤና ጣቢያው ቅርብ ናቸው። በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የኒሞኮካል ክትባት ልጁ መውሰዱንም እንጠይቅ፤ ይህ ባክቴሪያ ከሳይነስ ሕመም መንስኤዎች አንዱ ነውና።

ውድ ለጋሾቻችን! የየቲም ድጋፍ ልብስና ደብተር ብቻ አይደለም። ለአሳዳጊው ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮ መክፈል፣ ወደ ሆስፒታል መሄጃ መጓጓዣ መሸፈን፣ ጭሱ የቀነሰ ምድጃ መግዛት፣ ሁሉም ሰደቃ ነው። በጉብኝታችሁም ጊዜ «ልጁ እንዴት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ካመመው ስንት ቀን ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሳዳጊዎችም ጉንፋኑ የጀመረበትን ቀን በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉለት። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ሆነው ያደጉ ነበሩ፤ የቲምን መንከባከብም በእጃችን ያለ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙ ልጆቻችን ሺፋእን፣ ለሚንከባከቧቸውም መልካም ምንዳን ይስጥልን። አሚን።