«እዚህ ብቻ የሚሸጥ» ወይን፦ ተረቱና እውነታው

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ የቨርጂኒያ የወይን አገር ይገኛል። ሎውደን ካውንቲ ብቻውን ከ40 በላይ ዋይነሪዎች (የወይን ጠጅ ማምረቻዎች) አሉት። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ለሚኖረው ወገናችን ደርሶ መልስ የቅዳሜ መንገድ ነው። ሱቅ የማይገኝ ጠርሙስ ፍለጋ መሄድም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በተሳሳተ ግምት ከተሄደ ቀኑም ገንዘቡም ይባክናል።

ተረት፦ ዋይነሪው ግቢ ብቻ የሚሸጠው ወይን ከሁሉም ምርጡ ስለሆነ ነው።

እውነታ፦ ዋናው ምክንያት ንግድ ነው። በአሜሪካ ተጥሎ የነበረው የአልኮል መጠጥ ክልከላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሳ፣ አብዛኞቹ ግዛቶች አምራቹ ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለጠጪ የሚሸጥበትን ሥርዓት ዘረጉ። በዚህ መንገድ ለሚያልፍ ጠርሙስ አምራቹ የሚደርሰው ሱቅ ላይ ከሚለጠፈው ዋጋ ግማሽ ያህሉ ነው። ጥቂት መቶ ካርቶን ብቻ የሚያመርት ቤተሰብ ይህን አይችለውም፤ ስለዚህ ደጁ ላይ ይሸጣል። ያ ወይን ከአንድ ማሳ ጥግ ተለቅሞ ሁለት በርሜል ብቻ የሞላ ድንቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ከሌላ ቦታ ተገዝቶ ለጎብኚ የታሸገም ሊሆን ይችላል።

የሚለያቸው ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» የሚል ከሆነ፣ ከወይኑ ቢያንስ 75 በመቶው ተብላልቶ ወይን የሆነው በዚያው ዋይነሪ ነው። «ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ» የሚል ግን ሌላ ቤት ተሠርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥብቁ «ኤስቴት ቦትልድ» ነው፦ ፍሬው በሙሉ ዋይነሪው በያዘው ወይም በሚቆጣጠረው መሬት የበቀለ፣ ወይኑም እዚያው ተሠርቶ የታሸገ መሆን አለበት። «ሪዘርቭ» ለሚለው ቃል የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ምንም ትርጉም አልሰጠውም፤ ማንም ይጽፈዋል። በዚህ ቃል ብቻ ተጨማሪ ዶላር አትክፈሉ።

እኔ ቨርጂኒያ ድረስ ሄጄ ካቤርኔ ሶቪኞን አልፈልግም፤ እሱ የትም አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሪችመንድ ውስጥ የተገኘውን ቀይ ኖርተን፣ ወይም እርጥበቱን ችሎ የሚያፈራውን ነጭ ፔቲ ማንሳንግ እጠይቃለሁ።

ተረት፦ ምርጡ ጊዜ የለቀማ ወቅት ነው።

እውነታ፦ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ማሳው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ወይን ሠሪው ፋታ የለውም፣ ቅዳሜና እሁድም ግቢው ይጨናነቃል። ሰው በማይበዛበት ወቅት፣ ደውላችሁ ሂዱ። በስልክ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አሁን እዚያ ብቻ የሚሸጠው የትኛው ነው? ለዋይነሪው ክለብ አባላት ብቻ የተያዘ ነው ወይስ ለማንም ይሸጣል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ተረት፦ በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ቤት ይዳረሳል።

እውነታ፦ ከሦስተኛው በኋላ ምላስ ይደነዝዛል። ቀምሶ መትፋት እኛ ዘንድ ነውር ቢመስልም፣ እዚያ መትፊያው ዕቃ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው፤ አስተናጋጁም አይቀየምም። የሚያሽከረክረው ሰው ግን ጭራሹኑ ባይቀምስ ይሻላል።

ተረት፦ ከወደድኩት ቤቴ ሆኜ አዝዛለሁ።

እውነታ፦ ጥቂት በርሜል ብቻ የተሠራው እስክታዝዙ ላይቆይ ይችላል። ወይን ወደ ቤት መላክም እንደየግዛቱ ሕግ ይለያያል፤ አብዛኞቹ ሲፈቅዱ ዩታ አትፈቅድም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አልኮል አይቀበልም፤ የግል አድራሾችም ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ፈርሞ ካልተረከበ አይሰጡም። ስለዚህ የወደዳችሁትን እዚያው ግዙ። በበጋ የመኪናው የኋላ ሙቀት ወይኑን እንዳያበላሸው ማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙ፤ በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነም ጠርሙሱን በደንብ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት።